ሳይናገሩ የሚገዙበት ካርድ በአሰላ ገበያ ስለ መነበቡ

ለተከበሩ የነጭ ርግብ የታሸገ ጥጥ አስመጪ ድርጅት የማስታወቂያ ክፍል ሹም፣
አዲስ አበባ።

ኢፍቱ የተባለች የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ትናንት ሰኞ፣ መጋቢት 17 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ ስሟ ከትምህርት ቤቱ መዝገብ ተሰርዟል።

ክቡር ሆይ፣ ለእርስዎና ለባለቤትዎ፣ ሴቶች ልጆችም ካሉዎት በተለይ ለእነርሱ፣ ፈጣሪ ጤናውንና ሰላሙን እንዲያበዛላችሁ እየተመኘሁ ይህን ደብዳቤ በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ። እኛ ደኅና ነን። ገብሱ ገብቷል፤ የበልጉም ዝናብ ጀምሯል።

ኢፍቱ እውነተኛ ስሟ አይደለም። ጎረቤቴ የሆኑት እናቷ ነገሩ እንዲጻፍ የፈቀዱት በዚህ ስም ከሆነ ብቻ ነው። አሰላ ትክክለኛውን ስም ያውቀዋል፤ የተለወጠው ለእርስዎና ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ለሚያየው አንባቢ ነው።

ድርጅትዎ ወደ ከተማችን የመጣው ባለፈው ታኅሣሥ ነበር። ቅሬታዎቼን በቁጥር የማቀርበው፣ ሥራ የሚበዛብዎ ሰው እንደ መሆንዎ መጠን፣ የማያስደስትዎትን ዘለው ለማለፍ እንዲመችዎ በማሰብ ነው።

1ኛ፦ ስለ ሥዕሉ። በገበያው መግቢያ፣ በአውቶቡስ ማቆሚያውና በትምህርት ቤቱ አጥር ላይ የለጠፋችሁት ሥዕል፣ አንዲት ልጃገረድ ብቻዋን በወንበር ተቀምጣ፣ ሦስት ጓደኞቿ አፍንጫቸውን በእጃቸው ይዘው ፊታቸውን ሲያዞሩባት ያሳያል። ከበታቹ፣ «ለምን እንደ ራቋት አልነገሯትም። ለአንቺስ ማን ይነግርሻል?» የሚል ጽሑፍ አለበት። ቀለሙ ጥሩ ስለሆነ ዝናብ አላጠፋውም፤ ለዚህ እናመሰግናለን። እስከዚያ ጊዜ ድረስ በስምንተኛ ክፍል ያሉት ሴቶች ልጆች ብርዱን ለመከላከል በአንድ አግዳሚ ላይ ተጠጋግተው ይቀመጡ ነበር። ሥዕሉ ከተለጠፈ በኋላ ተራራቁ። መስኮቱንም መክፈት ጀመሩ። አሰላ ደግሞ በጥር ወር ጧት መስኮት የሚከፈትበት አገር አይደለም።

2ኛ፦ ስለ ድምፅ ማጉያው። መኪናችሁ በከተማው እየዞረ፣ «እናትሽ ያላወቀችውን እኛ እንነግርሻለን» ሲል ሰነበተ። እናቶቻችን ያላወቁት ምን እንደ ሆነ ከዚያ ወዲህ ብዙ ጠይቀናል። ያረጀ ነጠላ ቀድዶ መጠቀምን፣ በሳሙና ማጠብን፣ ከሌላ ልብስ ሥር ደብቆ በፀሐይ ማድረቅን ያውቁ ነበር። ጨርቅ አይቸግርም አልልም። ሩቅ መንገድ በእግሯ ለምትሄድ ልጅ ይቸግራል፤ በክረምትም አይደርቅም። ጥጣችሁ ጥሩ ጥጥ ነው። ጥሩ ነው ብላችሁ ብቻ ብትሸጡት ኖሮ እኔም ይህን ደብዳቤ ባልጻፍኩ፣ እርስዎም ባልደከሙ ነበር።

እናቶቻችን የሚያውቁት ሌላም ነገር ነበረ። ክርስቲያኗ ሴት በዚያ ሰሞን ቤተ ክርስቲያን አትገባም፤ ከቅጥሩ በር ውጭ፣ ከዛፉ ሥር ቆማ ታስቀድሳለች። ያያት ሁሉ ያውቃል፤ የሚጠይቃት ግን የለም። ሙስሊሟም በረመዳን የማትጾምባቸው ቀኖች አሏት። ምግቧ ተከድኖ በጓዳ ይቀመጥላታል፤ ወንድሞቿም ያን ክዳን አያነሡም። ልማዱ ሁሉ መልካም ነው ለማለት አይደለም። ነገር ግን ከተማው ሁሉ እያወቀ ሲተወው የኖረውን ነገር «ማንም ሳያውቅብሽ» ብላችሁ በድምፅ ማጉያ ስትናገሩ፣ ሊታወቅ የማይገባው ነውር መሆኑን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማን። ከሥዕላችሁም አንዱ የተለጠፈው ሴቶቹ በሚቆሙበት በዚያው ዛፍ ላይ ነው። አሁን ዞረው ነፋስ በሚመታው በኩል ይቆማሉ።

3ኛ፦ ስለ ጤና ትምህርቱ። የላካችኋት ወይዘሪት በትሕትና የተሞላች፣ አነጋገሯ የሚጥም ሰው ናት። ወንዶቹ ልጆች እንዲወጡ ካደረገች በኋላ፣ «ጨርቅ የምትጠቀሙ እጃችሁን አንሡ» አለች። ኢፍቱ እውነት ስለሆነ እጇን አነሣች። ሌሎቹ አላነሡም። ላላነሡት «ንጹሓን» ተብለው ርግብ የተሳለበት የደረት መርፌ ተሰጣቸው። ያን ቀን በክፍሉ ውስጥ የታሸገ ጥጥ በዓይኗ ያየች ልጅ አልነበረችም፤ ሁሉም የሚጠቀሙት ጨርቅ ነበር። ድርጅትዎ ለልጆቻችን ስለ ሰጠው የግብረ ገብ ትምህርት ወላጆች ሁሉ ባለ ዕዳ ናቸው። ለኢፍቱ በመርፌው ፈንታ ካርድ ተሰጣት።

4ኛ፦ ስለ ካርዱ። እዚህ ላይ ጥቂት እንዲታገሡኝ እለምናለሁ።

«የዝምታ ካርድ» ብላችሁ ያሳተማችሁት ወረቀት፣ ልጅቷ ምንም ሳትናገር ለባለ ሱቁ እንድትሰጠው የታሰበ ነው። ቃሉም፣ «ለባለ ሱቁ፦ ለዚች ደንበኛ፣ ለወር አበባዋ የሚሆን አንድ ጥቅል ነጭ ርግብ ጥጥ፣ ምንም ሳይጠይቁ እንዲሰጡልን በትሕትና እናሳስባለን» ይላል። ሐሳቡ ከየት አገር እንደ መጣ አላውቅም። ባለ ሱቅ ሁሉ ወረቀቱን ራሱ ከሚያነብበት አገር መሆን አለበት።

ጥጣችሁን እዚህ የሚሸጡልዎት አቶ ከዲሮ የታመኑ ነጋዴ ናቸው። ቁርአን ያነባሉ፤ ሒሳባቸውንም በዚያው ፊደል ይይዛሉ፤ የአማርኛ ጽሕፈት ግን አያነቡም። ከማዘጋጃ ቤትም ከፍርድ ቤትም የሚመጣላቸውን ወረቀት በረንዳቸው ላይ ለሰው ማመልከቻ እየጻፉ ለሚውሉት ለራፖር ጸሐፊው ለአቶ ወልደጻድቅ ይሰጣሉ። አቶ ወልደጻድቅ ደግሞ የሚያነቡት ጮክ ብለው ነው። ወረቀት የሚያመጡላቸው ሰዎች አብዛኞቹ ሽማግሎች ናቸው፤ ጉዳዩም መሬት ወይም ዋስትና ስለሚሆን፣ በአካባቢው ያለ ሁሉ ሰምቶ ምስክር እንዲሆን ይፈለጋል። ለዚሁ ሲሉም ሁለት ጊዜ ያነባሉ።

ከጥምቀት በኋላ በዋለው የገበያ ቀን ኢፍቱ ካርዱን፣ እንደ ታዘዘችው፣ ሳትናገር ሰጠች። አቶ ከዲሮ ገለባብጠው አዩትና፣ «አቶ ወልደጻድቅ፣ እስቲ ይቺን ይዩልኝ፤ ልጅቷ እንደሆነ አትናገርም» አሉ። አቶ ወልደጻድቅ መነጽራቸውን አድርገው፣ ተነሥተው አነበቡ። ከበረንዳው በታች ገብስ ይዘው ከዲክሲስ የመጡ ገበሬ፣ «ጥጥ ነው እንዴ የምትሻው? ጥጥ ቆላ ነው፣ እኛ ጋ ያለው የበግ ጠጉር ነው» አሉ፤ ከልባቸው ሊረዷት ፈልገው ነው። አቶ ከዲሮም፣ «ቆይ እስቲ፣ ጥጡ ለምን ነው የሚለው?» ብለው ጠየቁ። በዚህ ምክንያት ሁለተኛው ንባብ ተጀመረ። አቶ ወልደጻድቅ የሚያነቡት ነገር የገባቸው በዚሁ በሁለተኛው ንባብ መካከል ሲሆን፣ ድምፃቸው እዚያው ላይ ቆመ። የቆመበትን ቃል ግን ገበያው ሰምቶት ነበር። «ልጄ፣ ይህ እኔ ዘንድ የሚመጣ ወረቀት አልነበረም» አሏት። ጥጡን ሳትወስድ ሄደች።

5ኛ፦ ከዚያ በኋላ ስለሆነው። የሠፈሩ ወንዶች ልጆች አፍንጫ መያዝን ከሥዕላችሁ ተምረዋል። እርሷን ሲያዩ፣ «ካርዲቱ መጣች፣ ዝም በሉ!» ይባባላሉ። ኢፍቱ በማግሥቱ ትምህርት ቤት አልሄደችም፤ ከዚያ ወዲህም አልሄደችም።

በጥር መጨረሻ አቶ ከዲሮና አቶ ወልደጻድቅ ሽማግሌ ይዘው ወደ አባቷ ቤት መጡ። በእኛ አገር ያጠፋ ሰው በሽማግሌ ፊት ጥፋቱን ተናግሮ ይቅርታ ይለምናል። ጥፋቱን በስሙ ጠርቶ የሚናገር ግን ታጣ። ሽማግሎቹ እህል ስለ መታው ዋግ ተጫወቱ፣ ስለ ከብት በሽታ ተጫወቱ፣ ከዚያም መርቀው ተነሡ። አባትዮውም ታረቁ። በምን እንደ ተጣሉ ሳይነገር የተፈጸመ ዕርቅ ሳይ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ትምህርት ቤቱ ደንብ አለው። ለብዙ ጊዜ የቀረ ተማሪ ምክንያቱን በጽሑፍ ካላቀረበ ይሰረዛል፤ ምክንያቱ ቀርቦ ኮሚቴው ከተቀበለው ይመለሳል፣ ለስምንተኛ ክፍል ጠቅላላ ፈተናም ይቀመጣል። ምክንያቱን ለምን እንዳላጻፉ እናቷን ጠየቅኋቸው። «ማን ይጻፈው? ወልደጻድቅ? እሱማ አንዴ አንብቦታል» አሉኝ። ከኦጎልቾ ልጅቷን ለልጃቸው የሚጠይቁ ሰዎች አሉ። አባቷ እስካሁን «ትምህርቷን ትጨርስ» ሲሏቸው ቆይተዋል። አሁን ይህን መልስ ሊሰጧቸው አይችሉም።

ስለዚህ አንዲት ልመና አለችኝ። ከአባት እስከ ሽማግሌ፣ ከራፖር ጸሐፊ እስከ ዲሬክተር፣ ይህን ነገር በስሙ ለመጥራት የሚደፍር ሰው በከተማችን አልተገኘም። እኔም ብሆን በዚህ ደብዳቤ የጠራሁት ከካርዳችሁ ገልብጬ ብቻ ነው። የደፈረው ድርጅትዎ ብቻ ነው፤ ያውም በድምፅ ማጉያ። ስለዚህ ምክንያቱን እርስዎ ይጻፉልን። ካርዱ የእናንተ መሆኑን፣ ልጅቷም የታዘዘችውን ከማድረግ በቀር ያጠፋችው እንደሌለ የሚገልጽ፣ ማኅተም ያለበት ሁለት መስመር ለትምህርት ቤቱ ኮሚቴ ቢደርስ ይበቃል። እናትዮዋ፣ «ይጻፉ ግድ የለም፤ ስሟን ብቻ እንዳይጮኹት» ብለዋል።

ይህንኑ በየካቲት ወር ለእርስዎ በግል ጽፌ ነበር። መልስ ለመስጠት ስላልዘገዩ አመሰግናለሁ። የደረሰኝ አንድ ጥቅል ጥጥና አንድ የደረት መርፌ ነው።

ከዚህ በላይ ጊዜዎን ላለመሻማት እዚህ ላይ አበቃለሁ። ልጆቻችን እርስ በርሳቸው እንዲሸታተቱ ስላስተማራችሁልን፣ እናቶቻችን ምን ያህል እንዳላወቁ ስለ ነገራችሁን፣ ዝምታንም በካርድ አሳትማችሁ ስላደላችሁን፣ ምስጋናዬ ከአሰላ እስከ መሥሪያ ቤትዎ ደጃፍ ይድረስልኝ።

ለክብርዎ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣
አባይነሽ ሣህሌ
አሰላ፣ ማክሰኞ፣ መጋቢት 18 ቀን 1954 ዓ.ም.

በተረፈ፦ ወይዘሪቷ በዚህ ሳምንት ወደ ጢቾ ስታልፍ አግኝቻት ነበር። ከአሰላው ነገር ትምህርት ተወስዶ በአዲሱ ካርድ ራስጌ ላይ «ጮክ ተብሎ እንዳይነበብ» የሚል መስመር መጨመሩን አሳየችኝ። ማሻሻያው የሚደነቅ ነው። አሁን በመጀመሪያ ጮክ ተብሎ የሚነበበው እርሱ ይሆናል። የኢፍቱን ጉዳይ የሚያየው ኮሚቴ ሐሙስ፣ መጋቢት 27 ቀን፣ ከጧቱ በሦስት ሰዓት ይሰበሰባል። ሰብሳቢው እንደ ነገሩኝ፣ እስከዚያ ሰዓት ወረቀት ካልቀረበ ስሟ እንደ ተሰረዘ ይጸናል፤ የኦጎልቾ ሰዎችም መልሳቸውን ሊሰሙ የሚመጡት በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው።