አንድ ቁልፍ ወደ ቀኝ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን

ለምወድሽ ልጄ፣

«ጋሼ ማኅተምማ በአንድ ጣቱ የሦስት ሰው ሥራ ነው የሚሠራው!» የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ናት ደረጃው ላይ ቆማ ለጓደኛዋ እንዲህ ስትል የሰማኋት። ጓደኛዋም ሳቀች። በአድናቆት መሆኑ ነው። በመሥሪያ ቤቱ ጋሼ ማኅተም የምባለው እኔ መሆኔን ታውቂያለሽ። እንግዲህ ስለ እጄ የጠየቅሽኝን ከገለልተኛ ምስክር አፍ ሰምተሻል፤ እኔ የምጨምረው የለም። ደህና ነው።

በስልክ «አባዬ፣ እጅህ ካልዳነ ትምህርቱን አቋርጬ እመጣለሁ» ካልሽኝ ወዲህ ነገሩ ከሆዴ አልወጣም። አንድ ዓመት ቀርቶሽ! ለእናትሽ ብነግራት «ደህና ነው የምትል ከሆነ ስልኩን ተወውና በእጅህ ጻፍላት፤ ልጅቷ በዓይኗ ትፍረድ» አለችኝ። እናትሽ እንደምታውቂያት ናት፤ ስታግዝሽም እንደመክሰስ ነው የሚቃጣት። ይኸው በእጄ እየጻፍኩልሽ ነው። ፊደሎቹን ተመልከቻቸው። ቀጥ ብለው ቆመዋል።

አሁን ደግሞ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ከሌላ ሰው ሰምተሽ እንዳትደነግጪ።

ባለፈው ክረምት፣ ያ ስትሮክ የሚሉት ነገር ጎብኝቶኝ በሄደ ማግሥት፣ ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጠሽ የኪቦርዱን የላይኛው ረድፍ ያስተካከልሽልኝን አትረሺውም። «አባዬ፣ ለሰዎች ብዙ ጊዜ የምትጽፈው ምን ምንድን ነው?» ብለሽ ጠየቅሽኝ፤ እኔም ነገርኩሽ። በውኃ መሥሪያ ቤት ሠላሳ ዓመት ለደንበኛ አቤቱታ መልስ ስሰጥ የኖርኩት ሰውዬ ሁለመናዬ ሲቆጠር አሥራ አንድ ዓረፍተ ነገር ሆኜ ተገኘሁ። አንቺ ግን አልሳቅሽም። ከኤፍ ሁለት እስከ ኤፍ አሥራ ሁለት አንድ አንድ ቁልፍ ሰጠሻቸው። ሰው ሲሞትና ቆጣሪው ወደ ሚስት ሲዛወር ኤፍ ስምንት፦ «በደረሰብዎ ሐዘን ከልብ አዝነናል፤ የቆጣሪው ስም በጥያቄዎ መሠረት ተዛውሯል።» አዲስ ቤት ለሠራ ኤፍ ሰባት፦ «እንኳን ደስ ያለዎት፤ ወደ አዲሱ ቤትዎ ውኃ እንዲገባ ተፈቅዷል።» ቧንቧ ለፈነዳበት ኤፍ ዘጠኝ። ለመሰናበቻ ኤፍ አሥራ ሁለት፦ «ከአክብሮት ሰላምታ ጋር።» የግራ እጄ ሌባ ጣት ብቻውን ይህን ሁሉ ሲያንቀሳቅስ ማየት ደስ ይል ነበር።

የእኔ ተርሚናል፣ ታውቂዋለሽ፣ የራሱ ጭንቅላት የለውም። ምድር ቤት ያለው ትልቁ ማሽን የሚያዝዘውን የሚያሳይ ስክሪን ነው፤ በዚህም ከብዙዎቻችን አይለይም። ከሦስት ሳምንት በፊት ማሽኑን በአዲስ ተኩት። አዲሱም ገና እንደገባ ኤፍ ሁለትን ለራሱ ያዘ። ማንንም አላማከረም። ዓረፍተ ነገሮቼ ቦታ ለመልቀቅ አንድ አንድ ቁልፍ ወደ ቀኝ ተጠጉ፤ የመጨረሻው፣ የአክብሮት ሰላምታው፣ ከጠርዝ ወደቀ።

እኔ ይህን አላወቅሁም። ጣቴ ቦታውን ስለለመደ ስክሪኑን አላይም፤ የራሴን ዓረፍተ ነገር ደግሞ ምን ብዬ አነባለሁ? በዚያ ቀን ሠላሳ አንድ ደብዳቤ አወጣሁ፣ ማኅተም መታሁ፣ ላክሁ። ቧንቧው የፈነዳበት ሰውዬ የሐዘን መግለጫ ደረሰው። አልተቃወመም። ጉዳዩን በትክክል የተረዳለት መሥሪያ ቤት ያገኘ መስሎት ይሆናል።

በአራተኛው ቀን ግን አንዲት ሴትዮ መጡ። ጥቁር ሻርፕ አድርገዋል፤ ደብዳቤዬን አራት ቦታ አጥፈው ይዘውታል። አዲሷ ኃላፊያችን ከፊት እየመራች ጠረጴዛዬ ድረስ አመጣቻቸው።

«ባሌ ከሞተ አርባ ቀን አልሞላውም» አሉ። «እንኳን ደስ ያለሽ ያለኝ ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ እህቴ» አልኩ።

«ባሌን ያውቁት ነበር?»

«አላውቃቸውም።»

«ቢያውቁትማ አስበውበት ነው እል ነበር።»

ኃላፊዋ ጣራ ጣራውን አየች። ሴትዮዋ ወረቀቱን ዘርግተው ድጋሚ አነበቡት። «ወደ አዲሱ ቤትዎ ውኃ ይላል። አዲስ ቤት የገባው እሱ ነው። እሱ ደግሞ በሕይወቱም ውኃ አይወድም ነበር» ብለው ሳቁ፤ ሳቃቸው ሳያልቅ ለቅሶ ሆነ። ወንበሬን ለቀቅሁላቸው። ሌላ የምሰጣቸው አልነበረኝም።

ሲረጋጉ «ትክክለኛውን አሁኑኑ አወጣልዎታለሁ» ብዬ ወደ ቁልፎቹ ዞርኩ።

«ከዚያ ውስጥ የሚወጣውን አልፈልግም» አሉ። «ሐዘኔን የሚጽፍልኝ ካለ በእጁ ይጻፍልኝ።»

ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ወረቀት አወጣሁ፣ ብዕር አነሳሁ፣ «በደረሰብዎ» አልኩ። ብዕሩ ግን መጥፎ ብዕር ነበር። ለኃላፊዋም ነገርኳት፤ ከኪሷ የራሷን ሰጠችኝ። የእሷም መጥፎ ነበር። ሴትዮዋ ጥቂት እጄን ሲያዩ ቆዩና፣ ቸኩለው ስለነበር ይመስለኛል፣ «ይስጡኝ፤ እርስዎ ይንገሩኝ፣ እኔ ልጻፈው» አሉ። እኔ እየነገርኳቸው የገዛ ሐዘናቸውን መግለጫ ራሳቸው ለራሳቸው ጻፉት። «ከልብ አዝነናል» የሚለው ላይ ቀና ብለው «እውነት?» አሉኝ። «እውነት ነው» አልኩ። በሠላሳ ዓመት አንድም ደንበኛ ይህን ጠይቆኝ አያውቅም። ከዚያ ማኅተሙን መታሁበት። ማኅተም በግራ እጅም ይመታል።

ሴትዮዋ ከሄዱ በኋላ ኃላፊዋ በሩን ዘጋች። ክፉ ሰው አይደለችም፤ ዕድሜዋ ካንቺ ብዙ አይርቅም።

«ጋሼ፣ እጅዎ እንዲህ መሆኑን ለምን አልነገሩንም?»

«እንዴት መሆኑን?»

 ውሳኔዋን ነገረችኝ፤ ቁልፎቹ ይጥፉ፣ ማንኛውም ደብዳቤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ፊደል በፊደል ይተየብ። በወሩ መጨረሻ ደግሞ አጠገቤ ተቀምጣ አንድ ገጽ እየነገረችኝ እተይባለሁ። ከሞላልኝ እቀጥላለሁ፤ ካልሞላልኝ ለጡረታ የቀሩኝን ሁለት ዓመታት «ቤትዎ ያርፋሉ።» ይህን ስትል ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ። «አይዞሽ» አልኳት። ምን ልበላት?

የኮምፒውተር ባለሙያችን መጥቶ እንደታዘዘው ቁልፎቹን አጠፋ። የሦስት ልጆች አባት ነው፣ ዝምተኛ ነው፤ በዓመት ሁለት ዓረፍተ ነገር ቢናገር ነው፤ የዘንድሮዎቹን ለእኔ አወጣቸው። «ጋሼ፣ ኤፎቹን አጥፋ ተብያለሁ፣ ጠፍተዋል» አለ። «ከሺፍት ጋር ሲጫኑ ስለሚመጣው ግን ማንም ምንም አላለኝም።»

ስለዚህ ሁሉም አሉ። ሺፍትን በግራ አውራ ጣቴ፣ ኤፍን በሌባ ጣቴ እጫናለሁ፤ እስከ ኤፍ አምስት ድረስ ያለችግር ይደረሳል። ከዚያ ወዲያ ያሉት ሁለት እጅ ይፈልጋሉ፤ ቀኙን ደግሞ ሐኪሙ «አሳርፈው» ስላለኝ ላስቀይመው አልፈለግሁም። እስከ አምስት ያሉት «ደብዳቤዎ ደርሶናል»፣ «ጉዳዩ በመጣራት ላይ ነው»፣ «ውጤቱን እናሳውቃለን» እና «በትዕግሥት ይጠብቁ» ናቸው። በዚህ ሰሞን እንግዲህ የሞተበትም፣ ቤት የሠራም፣ ቧንቧ የፈነዳበትም ሁሉ ጉዳዩ በመጣራት ላይ ነው። እስካሁን ያማረረ የለም።

የወሩ መጨረሻ አያሳስብሽ። ማታ ማታ ከእራት በኋላ እናትሽ ጋዜጣ እያነበበችልኝ እለማመዳለሁ። መጀመሪያ ርዕሱን ብቻ ነበር የምታነብልኝ፤ አሁን አንዳንዴ ከርዕሱ አልፈን አንቀጽ ውስጥ እንገባለን። «አንተ ሰውዬ፣ በዚህ አያያዝህ ዜናው ታሪክ ሆኖ ነው የምትጨርሰው» ትለኛለች። ትቀልዳለች። ከዚያ ተነስታ ትከሻዬን ታሽልኛለች፤ ያን ጊዜ አትቀልድም።

የኔ እናት፣ እንዳትመጪ። የምለምንሽ ይህን ብቻ ነው። የዚያን ጊዜ ሆስፒታል አልጋዬ አጠገብ ተቀምጠሽ ሻንጣሽን ሳትፈቺ የቆየሽው ትዝ ሲለኝ፣ መመለሻ ትኬቱን እጅሽ ላይ ሳስቀምጥ ያየሽኝ አስተያየት ትዝ ሲለኝ፣ ያን ሁሉ ከንቱ እንዳታደርጊብኝ እፈራለሁ። እኔ የራሴ ጠረጴዛ አለኝ፣ እናትሽ አለችኝ፣ አራት ዓረፍተ ነገር አለኝ። አንቺ የጀመርሽውን ጨርሺ። ስትመረቂ የምትለብሽውን ልብስ ፎቶ ላኪልን፤ እናትሽ ግድግዳው ላይ ቦታውን ከአሁኑ ለክታዋለች።

በደንብ ብይ። በብርድ ያለ ካፖርት አትውጪ። ስልክ ስትደውዪም ስለ እጄ አትጀምሪ፤ ሌላ ብዙ ወሬ አለን።

የደከምሽበት ሁሉ ፍሬ ይስጥሽ። ደግ ሰው ከፊትሽ አይጥፋ፤ በሄድሽበት በር የሚከፍትልሽ አያሳጣሽ። እጆችሽ አይዛሉብኝ።

የሚወድሽ
አባትሽ

ማስታወሻ፦ ደብዳቤው ዘግይቶ ቢደርስሽ ፖስታ ቤቱን እንዳትወቅሺ። መጻፍ ከጀመርኩ ዛሬ አሥራ ሁለተኛ ቀኔ ነው።