ጨው የገባበት ሻይ

ለምናፍቅሽ ልጄ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ፤ መንገዱን ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቀዋል። እንዴት ከርመሻል? እኔ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነኝ።

ከመርከብ ወርጄ የከፈትኩት ሱቅም ደህና ነው። ባለፈው ለጎረቤታችን ለልብስ ሰፊዋ ስኳር ብዬ ጨው መዝኜ ሰጠኋት። የሻይ ብርጭቆዋን እንደያዘች ተመልሳ መጣችና፣ «ካፒቴን፣ መርከቡን ተውኩት ይሉናል፤ ባሕሩን ግን ይዘውት መጥተዋል!» አለችኝ። ሰፈሩ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ወዲህ ሁሉን እየቀመስኩ ነው የምሸጠው። ሳሙናም ቀምሻለሁ፤ አልመክርሽም።

የሱቁን አምፖል በትልቅ ቀየርኩት፤ እሱም ያው ሆነ። የዘንድሮ አምፖል ስም ብቻ ነው። ፀሐይዋም ብትሆን እንደ ድሮዋ አይደለችም። የወደብን መብራት ከመርከበኞቹ ሁሉ ቀድሜ የምጠቁም እኔ ነበርኩ። ሐኪም ዘንድ ብሄድ «ምነው ቀደም ብለው በመጡ» አለኝ፤ እኔም ባርኔጣዬን በዳበሳ አንስቼ ወጣሁ።

ፎቶሽ ደርሶኛል። ልብስ ሰፊዋ «አምሮባታል» አለች፤ አመንኳት። የጽሑፌ መስመር ከተጣመመብሽ ጥፋቱ የእስክሪብቶው ነው።

ስትመጪ እንደ ልማድሽ በር ላይ ቆመሽ በዝምታ ፈገግ አትበይ፤ ገና ከደጅ «አባዬ» በይኝ።

እስከዚያው በሰላም ቆዪኝ፤
ናፋቂ አባትሽ