መብራት ሲጠፋ የማይተኛ ካሜራ

ሰኔ 10፣ ማክሰኞ

ዝናብ። ሦስቱም በሬዎች በልተዋል። ቀዩ ፉሩሽካውን ጨርሶ ሲያየኝ የስኳር ድንች ሐረግ ጨመርኩለት። ትልቁ እሱ ነው። ለዘመን መለወጫችን ለጊፋታ ገበያ የማቀርበው።

ከገበያ ስመለስ ባዳቾ በሩ ላይ ቆሟል። የሟች ባሌ የለማ ታናሽ ወንድም። ግቢውን በዓይኑ ይለካል። "እስከ ጊፋታ እንግዲህ፣ አንቺ" አለኝ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

እስከ ጊፋታ... ዓምና አንድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሳለሁ አንዱ በሬ ከግቢዬ ተወሰደ። ሠራተኛዬ እሁድ አይገባም። ያየ ሰው የለም። ባዳቾ ሽማግሌ ሰብስቦ "ሴት ብቻዋን ማደለቢያ አትጠብቅም" አለ። እነሱም ተስማሙ። እስከ መጪው ጊፋታ ሌላ በሬ ከጠፋ ግቢውን እሱ ያስተዳድራል። እበቱን ስዝቅ የኖርኩት እኔ። ማን ጠየቀኝ?

ሰኔ 12፣ ሐሙስ

መናኸሪያ አጠገብ ካሜራ የምትሸጥ ልጅ አለች፣ ሜላት። እሷ ጋ ሄድኩ። "ስድስት ያስፈልግዎታል" አለችኝ። አንድ ለበሩ፣ አንድ ለቆጣሪው፣ አንድ ለመኖ ቤቱ፣ ሦስት ለበረቱ።

ከዚያ ስዊች የሚሉትን ሳጥን አወጣች። የካሜራዎቹ ገመድ ሁሉ እሱ ላይ ይሰካል። ምስሉ በገመዱ ይመጣል፣ ኤሌክትሪኩም በዚያው ገመድ ይሄዳል። በረት ውስጥ ሶኬት መፈለግ ቀረ። ይሄ ደስ አለኝ።

ሁለት ዓይነት አሳየችኝ። ሁለቱም ባለ ስምንት ቀዳዳ፣ አንዱ ርካሽ።

"እማማ፣ ርካሹ ስድስቱን አይችልልዎትም።"

"ቀዳዳው ስምንት አይደል? መቁጠር አልችልም?"

ፊደል የለየሁት በሃምሳ ዓመቴ ነው፤ ቁጥር ግን ከልጅነቴ አውቃለሁ። ውዱን ልትጭንብኝ ነው... ሁሉም እንደዚያው ናቸው። ርካሹን ገዛሁ።

ሰኔ 14፣ ቅዳሜ

ሜላት ራሷ መሰላል ላይ ወጥታ ሰቀለቻቸው። ባዳቾ ከአጥሩ ማዶ ሆኖ ሲያይ ቆየ።

"የሚደልብ በሬ ከሰው ዓይን ይደበቃል። አንቺ ጭራሽ ዓይን ገዝተሽ ሰቀልሽበት!"

"በሬ የሚያከሳው የሌባ ዓይን ነው" አልኩት።

ሳቀ። "መብራት ሲጠፋ ካሜራሽም ይተኛል። አገሩን አታውቂውም?"

እውነት ነው... ይሄን አላሰብኩም።

ሲጨልም ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጥኩ። ስድስቱም ይታያሉ። ትንሽ ቆይቶ አንዱ ጠፋ። ከዚያ ሌላው። የመጀመሪያው ተመለሰ፣ ደግሞ ጠፋ። ምን ነካቸው? መብራት አለ እኮ።

ሰኔ 16፣ ሰኞ

ሳጥኑን በፌስታል ይዤ ሜላት ጋ። "አታለልሽኝ!" ብዬ ጮህኩባት። መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አየን። አልተቆጣችም። ሳጥኑን ገልብጣ "እስቲ ያንብቡልኝ" አለች።

60 ይላል። ዋት ማለት ነው፤ ሳጥኑ በጠቅላላው ለካሜራዎቹ የሚያካፍለው። አንዱ ካሜራ ቀን ቀን አምስት ያህል ይበቃዋል። ሲጨልም ግን ለራሱ ማያ የሚሆን መብራት ያበራል። ያኔ እስከ አሥራ ሁለት ይበላል።

"ስድስት ጊዜ አሥራ ሁለት ስንት ነው እማማ?"

ሰባ ሁለት... ገንዳው ስምንት በሬ ያስቆማል፣ መኖው ግን ለአምስት ነው። ይሄ ለእኔ ይጠፋል? በሬ አደልቤ ለምበላ ሴት?

ውዱ 120 ይላል። ስድስቱን አጥግቦ ይተርፈዋል። ልዩነቱን ከፍዬ ቀየርኩ።

ከዚያ የባዳቾን ነገር ጠየቅኳት። መብራት ሲጠፋስ?

"ሁሉም የሚበሉት ከዚህ ሳጥን አይደል? ለሳጥኑና ምስሉን ለሚያስቀምጠው መቅረጫ አንድ ባትሪ ካደረግንላቸው አንዱም አይተኛም። በየሶኬቱ ቢሆን ኖሮ ለየካሜራው ባትሪ ይፈልጉ ነበር።"

ባትሪውንም ገዛሁ። ስለ ጩኸቱ ይቅርታ አልጠየቅኩም። ሙዝ ሰጠኋት። "ይቅርታዎ ጣፋጭ ነው" ብላ ሳቀች። ተንኮለኛ።

ሐምሌ 3፣ ሐሙስ

መብራት ጠፋ። መንደሩ በሙሉ። የሳጥኑ ትንንሽ መብራቶች ግን ብልጭ ብልጭ ይላሉ... ስድስቱም።

ስለ ባትሪው ለማንም አልተናገርኩም። ለሠራተኛዬም ጭምር። ባዳቾ ሲያልፍ "ካሜራሽ ተኛ?" አለኝ።

"ተኛ" አልኩት።

ነሐሴ 18፣ እሁድ

መሽቷል። ግን ልጻፈው።

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ቀዩ የለም። ገንዳው ላይ ተቀመጥኩ። አለቀ... ግቢው ሄደ አልኩ። ቤት ስገባ መብራትም የለም። የጎረቤት ሬዲዮ ግን ይጮሃል። የእኔ ብቻ? ቆጣሪው ጋ ሄድኩ። ብሬከሩ ወርዷል። ሰው ነው ያወረደው። መለስኩት።

ገና ለማንም ትንፍሽ ሳልል ባዳቾ ሽማግሌዎቹን ይዞ ከተፍ። ትልቁ ሽማግሌ ጋሽ ወልደመስቀል ከፊት።

"ይኸው ሌላውም ሄደ! አላልኳችሁም?"

ማን ነገረው? "ግቡ፣ ተቀመጡ" አልኳቸው። "ቴሌቪዥን እንይ።"

"በሬዋ ጠፍቶ ቴሌቪዥን ታያለች! ሴትየዋ ለይቶላታል።"

ሜላት እንዳሳየችኝ ወደ ኋላ መለስኩት። ባዳቾ በሩን በቁልፍ ከፍቶ ገባ። የለማ ቁልፍ! ለካ እሱ ጋ ቀርቷል... ቆጣሪው ሥር ቆመ። ግራ ቀኝ አየ። ብሬከሩን አወረደ። ከዚያ ወደ ካሜራው ቀና ብሎ ምላሱን አወጣ። ምላሱን! ቀጥሎ ነጋዴ አስገባ። የቀዩን ሻኛ እየዳበሰ ያሻሽጣል፣ የራሱ በሬ ይመስል። ፈቱት። ነዱት።

ባዳቾ ብድግ አለ።

"ውሸት ነው! መብራቱ እኮ ጠፍቶ ነበር!"

ጋሽ ወልደመስቀል መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። "የእሷ መብራት መጥፋቱን አንተ በምን አወቅህ?"

ከኋላ አንዱ ሽማግሌ ሳቁን መያዝ አቃተው። "እስቲ ምላሱ ጋ መልሺልን" አለኝ። መለስኩላቸው። ደግሜም መለስኩላቸው።

ነሐሴ 20፣ ማክሰኞ

ቀዩ ከቦዲቲ ገበያ ተመለሰ። ነጋዴው "የባዳቾ መስሎኝ ነው" ብሎ ማለ። ትንሽ ከስቷል። እኔም።

ሽማግሌዎቹ ዛሬ ጨረሱ። ግቢው የእኔ ነው፤ ነገሩ ዳግመኛ አይነሳም። ባዳቾ የዓምናውንም አምኗል። ከጊፋታ በፊት የዚያን ምትክ ራሱ ጎትቶ ያመጣል። አለዚያ ቀረጻው ፖሊስ ጋ ይሄዳል።

"ይበቃሻል?" አሉኝ ጋሽ ወልደመስቀል።

አይበቃኝም። ባሌን ቀብረን ሳንመለስ ግቢዬን የለካ ሰው... ግን "ይበቃኛል" አልኩ። ቤት ገብቼ ለሁለት ሰው የሚሆን ሽሮ ብቻዬን በላሁ።

መስከረም 9፣ አርብ

በሬ የሚያደልቡ ሁለት ሴቶች ከቢጠና መጡ። ሜላት ናት የላከቻቸው። ስዊች እንዴት እንደሚመረጥ ሊጠይቁኝ። እኔን!

"ቀዳዳውን አትቁጠሩ" አልኳቸው። "ካሜራው ሲጨልም የሚበላውን ደምሩ፣ የሳጥኑ ቁጥር ከዚያ ይብለጥ። ትርፍም ይኑረው። ገመዱ ከመቶ ሜትር አይለፍ። ባትሪ ግዙ። መግዛታችሁን ደግሞ ለባላችሁ ወንድም አትንገሩ።"

ሳቁ። እኔ የምሬን ነው።

መስከረም 14፣ ረቡዕ

ጊፋታ ሊገባ ነው። ተኳርፎ አይከበርም። ታርቄያለሁ አልኩ፣ በአፌ። ልቤ ይደርስበታል... ወይም አይደርስም።

ከሰዓት በኋላ ባዳቾ ቴሌቪዥኑ ላይ ታየ። ዝናቡ ይወርዳል። ጥቁር በሬ በገመድ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ ያያል። ኮፍያውን አወለቀ።

"እትዬ አስካለች... እባክዎ ይክፈቱልኝ።"

እትዬ! እርስዎ! ከተዳርኩ ጀምሮ "አንቺ" ሲል የኖረ አፍ።

አልቸኮልኩም። ከነወንበሬ ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠግቼ በሬውን አየሁት። ሻኛው የቆመ፣ ጎኑ የሞላ፣ ከተሰረቀው የሚበልጥ። ባዳቾ እግሩን ያፈራርቃል። ውሃው ከአፍንጫው ጫፍ ሲንጠባጠብ እንኳ ይታያል። እንዴት ያለ ጥሩ ካሜራ ነው!

በሬው ጮኸ። ተነስቼ ከፈትኩ። ለበሬው።