ስለታሸገው የቁስል ክፍልና ስለ ሰባቱ ፋሻዎች

ሚያዝያ ፳፰ ቀን ፲፱፻፸፬ ዓ.ም.
ሲቀላ፣ አርባ ምንጭ

ለተከበሩ ጓድ በዛብህ ወርቅአፈራሁ፣ የጤና ጣቢያችን ኃላፊ

ግልባጭ፦ በሸማኔዎች ማኅበራችን የማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ቆሞ ማንበብ ለሚችል ሁሉ፣ መቆም ለማይችለው ደግሞ ተቀምጦ።

የተከበሩ ጓድ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ማኅተምዎ፣ በተለይም እግርዎ እንደምን ነው? እኔ ከቀኝ ቁርጭምጭሚቴ በስተቀር እጅግ ደኅና ነኝ።

ኦይታ ዳልጮ እባላለሁ፤ ጨንቻ ተወልጄ ሲቀላ የወረድኩ፣ ሠላሳ ዓመት የሸመንኩ፣ ሦስት ዓመት ደግሞ ያነበብኩ ሰው ነኝ። ፊደል ያስቆጠረኝ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ የምስክር ወረቀቴንም በእጅዎ የሰጡኝ እርስዎ ስለነበሩ፣ ይህ ደብዳቤ ቢረዝምብዎ ጥፋቱ የሁለታችን ነው። ሂስ ለአብዮተኛ መድኃኒት ነው ብለው በውይይት ክበብ ያስተማሩንም እርስዎ ነዎት፤ ጤና ጣቢያችን ሌላው መድኃኒት ካለቀበት ስለቆየ፣ ያለንን ይዘን መጥተናል።

ቁስሌ አራት ዓመቱ ነው። የሚያየኝ ሁሉ የጫሞ አዞ የነከሰኝ ይመስለዋል፤ እኔም ለክብሬ ስል ብዙ ጊዜ አልክድም። እውነቱን ለመናገር የነከሰችኝ የገዛ መርገጫዬ ላይ የነበረች ሚስማር ናት። ቅቤ ቀባሁበት፣ ቅጠል አሰርኩበት፣ ጎረቤት በመከረኝ የባትሪ ድንጋይ ጥላሸት ነሰነስኩበት፣ ከጤና ጣቢያዎ የተሰጠኝንም የቴትራሳይክሊን እንክብል እየከፈትኩ ዱቄቱን እንደ ሚጥሚጣ በተንኩበት። ቁስሉ ሁሉንም በደስታ በላና ሰፋ።

ስለዚህ ዘንድሮ መስከረም «ለረጅም ጊዜ ያልዳኑ ቁስሎች ልዩ ሕክምና ክፍል» የሚል ሰሌዳ አሰቅለው ሪባን ሲቆርጡ፣ ካጨበጨቡት ሰዎች መካከል በጣም የጮኸው እጅ የእኔ ነበር። የሰሌዳው ቀለም እስከ ዛሬ አለመልቀቁን ሳልጠቅስ ባልፍ ውለታ ቢስ እሆናለሁ። ከሰሌዳው ጀርባ የነበሩት ደግሞ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ አንድ የውኃ ማፍያ ድስትና ድሬሰር ዘርፈሽ ነበሩ። እኛ ሲስተር የምንላት ይህች ሴት ዐሥራ አንድ ዓመት በሌላ ክፍለ ሀገር የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ቁስል ስታጥብ የኖረች ስለሆነች፣ ልዩ ሕክምና የተባለው እሷ ራሷ ነበረች።

ዘርፈሽ እግሬን ካየች በኋላ አስቀድማ የጠየቀችኝ ስለ ቁስሉ ሳይሆን ስለ ሥራዬ ነው። እንደሚያውቁት ሸማኔ ጉድጓድ አፋፍ ላይ ተቀምጦ፣ እግሩን ወደ ውስጥ ሰድዶ ከጠዋት እስከ ማታ መርገጫ ሲረግጥ ይውላል። እኔም ቁስሌ ጥላ ያግኝ፣ ዝንብም አይረፍበት ብዬ፣ ባመመኝ ቁጥር የበለጠ ረጅም ሰዓት ጉድጓዱ ውስጥ አንጠልጥዬው እውል ነበር። «ጋሼ፣ ደሙ በምን ጉልበቱ ሽቅብ ይውጣ? በሕይወቱ ቀብረውታል እኮ!» ብላ እየሳቀች ተቆጣችኝ። ከዚያ በኋላ በፈላና በቀዘቀዘ የጨው ውኃ አጠበችው፤ ዱቄት የሚባል ነገር ሁሉ እንዲቀር፣ ስተኛም እግሬ ከልቤ ከፍታ በላይ እንዲሰቀል አዘዘች። ዋናው ሕክምና ግን ከጣቶቼ ጀምሮ እስከ ጉልበቴ፣ ከታች ጠበቅ ወደ ላይ ላላ እያለ በፋሻ መጠቅለል መሆኑን ነገረችኝ። ፋሻ ግን አልነበረም።

አሁን ቅሬታዎቼን በቁጥር እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

አንደኛ፦ ፋሻ እንዲላክ ዘርፈሽ የጻፈችው ማመልከቻ ጠረጴዛዎ ላይ ሁለት ወር በሰላም ማረፉን ይመለከታል። ጋሞን በሚያክል የጥጥና የሸማኔ አገር ጨርቅ ጠፋ መባሉ ስላሳፈረኝ፣ እርስዎን ላለማስቸገር እኔው ሸመንኩት። የመጀመሪያውን እንደ ልማዴ ድሩን በዱቄት ሙቅ አጠንክሬ፣ ጥቅጥቅ አድርጌ ብወስድላት፣ ለበቅሎ መጫኛ ይሆናል ብላ መለሰችልኝ። ሁለተኛው ከመጠን በላይ ሳሳ። ሦስተኛው ሰመረ፤ አራት ጣት ስፋት ያለው፣ እንደ ነጠላ ስስ፣ ሲጎትቱት እሺ የሚል። ሲቀቀል ከሌላ ጨርቅ እንዳይቀላቀል በጠርዙ ሰማያዊ ጥለት አገባሁበት፤ ደግሞም ሸማኔ ያለ ጥለት ሥራ ጨረስኩ ማለት አይሆንለትም።

ቁስሌን የምለካው ድር ክር በላዩ ዘርግቼ በመቁጠር ነው። ኅዳር ላይ መጠቅለል ስንጀምር የመቶ አርባ ክር ስፋት ነበረው፤ ጥር ላይ ስድሳ ሆነ፤ የካቲት ሲያልቅ ዐሥራ ስምንት። በየማክሰኞው ከኦቾሎ በእግሯ የምትወርደው ወለቴ፣ ስድስት ዓመት የከረመው ቁስሏ የባቄላ ፍሬ አክሎ ስታየው እልል ብላ አግዳሚውን ወንበር ልትገለብጠው ነበር።

ሁለተኛ፦ መጋቢት ስድስት ቀን ከእርስዎ ቢሮ የወረደው መመሪያ ነው። ከመንግሥት መጋዘን ያልወጣ ፋሻ በማንኛውም ሕመምተኛ እግር ላይ እንዳይጠቀለል ከለከሉና ክፍሉን አሸጉት። መጋዘኑ ምንም ዓይነት ፋሻ እንደሌለው በዚያው መመሪያ በሦስተኛው አንቀጽ ላይ በግልጽ ስላሰፈሩልን፣ ግልጽነትዎን ሳላደንቅ አላልፍም።

ሦስተኛ፦ ክፍሉ ሲታሸግ ውስጥ የነበሩት ሰባት ፋሻዎቼ ተወረሱ። ትርፍ ቤት ሲወረስ አይቻለሁ፤ ትርፍ ፋሻ ሲወረስ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። በኮሚቴ ፊት ይቃጠሉ ስለተባለ አንድ ሊቀመንበር፣ አንድ ጸሐፊና አንድ ክብሪት ተመደበላቸው። እኛ ቁስለኞች ከአጥሩ ሥር ተደርድረን ስንቆጥር ስድስት ተቃጠሉ። ሰባተኛው የት እንደገባ ቃለ ጉባኤው አይናገርም፤ እኛም የሒሳብ ዘመቻ ገና ስላልደረሰን ስህተቱ የእኛ ነው ብለን ወደየቤታችን ሄድን።

አራተኛ፦ ዘርፈሽ ቁስል የሚባል ነገር በቤቷም ቢሆን እንዳትነካ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷት ካርድ ክፍል መመደቧ ነው። ካርዶቻችን አሁን እንደ ሕፃን ልጅ ተጠቅልለው፣ ከመሬት ከፍ ብለው መደርደሪያ ላይ ተቀምጠዋል። እስካሁን አንድም ካርድ አላመረቀዘም። ስለዚህ ስኬት ከልብ አመሰግንዎታለሁ።

የሚቀጥለውን በቀልድ መጻፍ ስላቃተኝ ቁጥር አልሰጠሁትም። ወለቴ አራት ማክሰኞ መጥታ የታሸገውን በር እያየች ተመለሰች፤ በአምስተኛው አልመጣችም። እኔ እግሬን ራሴ ለመጠቅለል ሞክሬ ነበር፤ አንዴ አጥብቄው ጣቶቼ ጠቆሩ፣ አንዴ አላልቼው ፋሻው ገበያ መሐል ተፈትቶ ተከተለኝ። ጨርቁን መሥራት የእኔ ሙያ ነው፤ መጠቅለሉ የእሷ ነው። ትናንት ክሩን ዘርግቼ ስቆጥር ሠላሳ አንድ ደርሷል። እግሬ እንዳይቆረጥ እፈራለሁ፣ ጓድ፤ ሠላሳ ዓመት ከመርገጥ ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሽጉ ከበሩ ይነሣ፣ ዘርፈሽም ወደ ክፍሏ ትመለስ። ፋሻውን ማኅበራችን ይሸምናል፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ከተባለ፣ ሁለት መቶ ሸማኔ አንድ እግር ማሰር አያቅተውም። ፋሻው የግድ ከመንግሥት መጋዘን መውጣት ካለበትም በፊት ለፊቱ በር አስገብተን በጓሮው እናወጣዋለን፤ ያን ጊዜ ከመንግሥት መጋዘን ወጣ ማለት ነው። መጋዘኑ ባዶ ስለሆነ መንገድ የሚዘጋብን ዕቃም የለም።

ቆሜ እጅ መንሣት ሲገባኝ በድሬሰር ትእዛዝ እግሬን በርጩማ ላይ ሰቅዬ ስለጻፍኩ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ በግራ እግሬ ሙሉ፣ በቀኙ ደግሞ ቁስሉ በፈቀደልኝ መጠን አክብሮቴን የማቀርብልዎ፣

ኦይታ ዳልጮ
ሸማኔ፣ የመሠረተ ትምህርት ምሩቅ
የካርድ ቁጥር ፬፻፲፪ (ካርዱ ደኅና ነው)

ማስታወሻ፦ ባለፈው ቅዳሜ በሜይ ዴይ በዓል ላይ እርስዎ ከመድረኩ ወንበር ላይ፣ እኔ እግሬን ለመዘርጋት ብዬ ከመድረኩ ሥር መሬት ላይ ነበርን፤ ስለዚህ ዓይኔ የደረሰው እስከ ጫማዎ ድረስ ብቻ ነው። እግርዎን ሲያጣምሩ ሱሪዎ ከፍ አለና ከካልሲዎ በላይ ሰማያዊ ጥለት አየሁ። ሸማኔ የእጁን ሥራ በሺህ ጨርቅ መካከል ያውቃል። ሰባተኛው ፋሻ ከእሳት መትረፉ በእውነት ደስ አሰኝቶኛል፤ ቁስሉ ስንት ዓመቱ እንደሆነም አልጠይቅዎትም፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚባለውን ግን እርስዎም ያውቁታል። ያሳሰበኝ ቋጠሮው ነው። ቁርጭምጭሚትዎ ላይ ከካልሲው ሥር ጉብ ብሎ ስላየሁት፣ የጠቀለሉት ከጉልበትዎ ጀምረው ቁልቁል ነው ማለት ነው፤ እግርዎም በጫማዎ አፍ ላይ አብጦ ሊፈስ ደርሷል። ከላይ ወደ ታች የወረደ ሁሉ ያሳብጣል፣ ጓድ፤ የሚያድነው ከታች ሲጀመር ነው። ማክሰኞ ጠዋት ይምጡ። ኦቾሎ ሰው ልከን ወለቴን እናስጠራታለን፤ ወረፋው መጀመሪያ የእሷ፣ ቀጥሎ የእርስዎ፣ ከዚያ የእኔ ነው። የበሩን ቁልፍ ብቻ እንዳይረሱ።