ስለጠፉት የባይ ስላቪ አብነቶችና ስለ ከንቲባዋ የስም ሰሌዳ

ለክቡር አቶ ፕላመን ቦያጂዬቭ
የከተማችን የሕዝብ ወርክሾፕ ሥራ አስኪያጅ

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ከቱንጃ ወንዝ የሚነሳው ጉም ንግግር ለሚያበዛ ጉሮሮ እንደማይስማማ ስለማውቅ ያሳስበኛል። እኔ የአሻንጉሊት ቲያትራችን የመድረክ ሠዓሊ ራዶስቲና ኬሬሜድቺዬቫ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በቢሮዎ በር ሥር ማሾለክ ስችል በጋዜጣ ማውጣቴን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ፤ ሰውን በሕዝብ ፊት መገሠጽን ከእርስዎ ነው የተማርኩት።

ቅሬታዬን በተራ አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ ከተማው ሁሉ በአክብሮት «ባይ» (ጋሼ) የሚላቸውን ባይ ስላቪን ያስታውሷቸው ይሆናል፤ ዕድሜ ልካቸውን ለቲያትራችን አሻንጉሊት ሲጠርቡ የኖሩ፣ አሁን እጃቸው እየተንቀጠቀጠ መጋዝ መያዝ የተሳናቸው አዛውንት ናቸው። ክረምቱን ሙሉ ወርክሾፕዎ ውስጥ ካለው የሌዘር መቁረጫ አጠገብ ተቀምጠን፣ በሶፍትዌሩ ላይ ለየአሻንጉሊቱ አንድ አብነት አዘጋጀን፤ ማለትም በተከፈተ ቁጥር ሁሉም ነገር ተሰናድቶ የሚጠብቅ የሥራ ገጽ። ጣውላው የሚነጠፍበት የማሽኑ አልጋ በልኩ ተሥሏል፤ ጣውላው የሚያርፍበት ማዕዘን ምልክት አለው፤ ጥቁሩ መስመር ይቀረጻል፣ ቀዩ ይቆረጣል፤ ኃይሉና ፍጥነቱ እንደ እንጨቱ ዓይነት ተሞልቷል። ለባይ ስላቪ የሚቀራቸው ጣውላውን ማዕዘኑ ላይ አስጠግቶ ክዳኑን መዝጋት ብቻ ነበር። የመጀመሪያዋ የቀበሮ አሻንጉሊት ክንድ ስትወጣ አገላብጠው አዩዋትና «ራዳ ልጄ፣ እጄን መለስሽልኝ» አሉኝ።

ያንን ሁሉ እርስዎ አንድ ጠዋት ጠራርገው ስላጠፉልን ከልብ አመሰግናለሁ። «ሁሉም የየራሱን ከከፈተማ ገበያ ሆነ ማለት ነው!» ብለው፣ የከተማው ዓርማ መሀል ላይ የተቆለፈበትን፣ ማንም ሊያነሳው የማይችለውን «ወጥ አብነት» በምትኩ ስለጫኑልንም እንዲሁ።

፪ኛ፦ ባይ ስላቪ በማግስቱ መጥተው፣ የተለወጠውን ሳያውቁ ክዳኑን ዘጉ። የከተማው ዓርማ ለልጆቹ ትርዒት በምትሠራው የልዕልት አሻንጉሊት ፊት ላይ ከግንባሯ እስከ አገጯ ተቃጥሎ ታተመ። አቤት ለማለት ፊቷን ይዘው ሲመጡ፣ ከቢሮዎ ወጥተው ባለጉዳይ ሁሉ እየሰማ «አባቴ፣ እጅ አልታዘዝ ካለ ቤት ሄዶ እርግብ መመገብ ነው እንጂ!» አሏቸው። አንዳንዱ ሳቀ። ባይ ስላቪ ቆባቸውን አድርገው «ልክ ነዎት» ብለው ወጡ፤ ከዚያ ወዲህ እግራቸው ያንን ደጃፍ አልረገጠም። የልጆቹ ትርዒትም ተሰረዘ። ስለ ቀልድ አዋቂነትዎ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

፫ኛ፦ ይህኛው ቅሬታ ሳይሆን ደስታዬ ነው። አብነትዎ በተመረቀበት ዕለት ለከንቲባችን ለወይዘሮ ዝላቶሚራ ዋልኑት በተባለ ውድ እንጨት ሰሌዳ ላይ ስማቸውን በእንግዶች ፊት በማሽኑ ቀርጸው ሊያበረክቱ ተዘጋጅተው ነበር። ከበዓሉ በፊት ጠርተው «ራዶስቲና፣ እስቲ አንድ ጊዜ እይልኝ» አሉኝ። አየሁ። ስማቸው የተጻፈበት ጥቁሩ መስመር እንዲቀረጽ ሳይሆን ዘልቆ እንዲቆረጥ ታዟል። ቀና ብዬ «የእርስዎ አብነት ነው፣ እኔ ማን ነኝና እነካዋለሁ?» አልኩ። እርስዎም «አሁን ገና ገባሽ!» ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

የቀረውን አዳራሹ ሙሉ አይቶታል። ፊደላቱ አንድ በአንድ ከሥር ወዳለው ትሪ ተንኮታኮቱ። ከንቲባዋ ሰሌዳውን አንስተው በቀዳዳው እያጮለቁ «ፕላመን፣ እኔስ የት ሄድኩ?» ሲሉ የተነሳው ሳቅ፣ በባይ ስላቪ ላይ ከተሳቀው እጅግ የበለጠ ነበር። እኔ አልሳቅኩም፤ ሻርፔን ነክሼ እርስዎን ብቻ ነበር የማየው። ፊትዎ ሲቀላ አንዲት ቅንጣት እንኳ እንዳታመልጠኝ ዓይኔን አልጨፈንኩም።

አብነቶቹ እንዳሉ ናቸው፤ ቅጂያቸውን ቤቴ አስቀምጬ ነበር። ያምቦል ከተማ ያለች ጫማ ሠሪ ጓደኛዬ ማሽኗን ሰጠችን። አልጋው አነስ ስለሚል ልኩንና የማዕዘኑን ምልክት ብቻ አስተካከልኩ። ባይ ስላቪ «ሽማግሌ እየጎተትሽ የት ትንከራተቻለሽ?» ብለው ቢያንገራግሩም «ይነሡ፣ አውቶቡሱ ያመልጠናል» ብዬ ወሰድኳቸው። ትርዒቱ የፊታችን እሑድ ይከፈታል። ለእርስዎ መቀመጫ አልያዝንም።

በሥልጣንዎ ፀንተው እንዲቆዩ ሳይሆን ይህን ጋዜጣ አንብበው እስኪጨርሱ ድረስ ብቻ አምላክ በሥልጣን እንዲያቆይዎ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ራዶስቲና ኬሬሜድቺዬቫ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ወርክሾፑ ጭር በማለቱ ከንቲባዋ ተቆጥተዋልና አብነቶቹን እንድንመልስ በጸሐፊዎ በኩል የላኩት መልእክት ደርሶኛል። የሚወስኑት ባይ ስላቪ ናቸው። ነገር ግን እሳቸው ቶሎ ይቅር የሚሉ ሰው ስለሆኑ፣ መጀመሪያ በእኔ በኩል ይለፉ።