በብርድ ስለሚረግፈው ወፍራም ፕላስቲክ

ለተከበሩ የአየር ጥናት ጣቢያችን ዋና ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ቢሮዎ ሞቃት፣ ወንበርዎም የተመቸ መሆኑን ስለማውቅ መልሱን ሳልሰማ ደስ ብሎኛል። እኔ የጣቢያው የፕላስቲክ መርማሪ ነኝ፤ ሦስት ማስታወሻ ጽፌልዎ መልስ ስላጣሁ፣ አራተኛውን ሰው ሁሉ እንዲያነብልኝ በአደባባይ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

፩. የአየር መለኪያ መሣሪያ ተሸክሞ ለሚወጣው ፊኛችን አዲሱን ፕላስቲክ ስለመረጡበት ጥበብ እጅ እነሳለሁ። እኛ ሞኞቹ ናሙና ስንስብና ስናቀዘቅዝ ዓመታት ስናባክን፣ እርስዎ በሁለት ጣትዎ ቆንጠጥ አድርገው «ወፍራም ነው፤ አይቀደድም» በማለት ጉዳዩን በአንድ አፍታ ፈርመው ጨረሱት። የዘነጉት ፊኛው የሚወጣው ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ሰባ ዲግሪ ወደሚደርስበት ሰማይ መሆኑን ብቻ ነው። እዚያ ፕላስቲክን የሚያድነው ውፍረቱ ሳይሆን በብርድ ሳይደርቅ መለጠጥ መቻሉ ነው። ናሙናውን በማቀዝቀዣ ሳጥናችን አስገብቼ ትንሽ የብረት ኳስ ብጥልበት እንደ ብርጭቆ ረገፈ። ይህንኑ ጽፌልዎ ነበር።

፪. ፊኛው የፈራሁትን አደረገ። አየር ላይ ፈነዳ፤ የተሸከመው የመሣሪያ ሳጥንም ወርዶ የአንድ አናጢ ጣሪያ በስቶ የሰውየውን ትከሻ ሰበረ። የጣቢያው ሹፌር ሆስፒታል ሲያደርሰው፣ እርስዎ በዚያው ቀን አጣሪ ኮሚቴ በማቋቋም ላሳዩት ፍጥነት ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

፫. ኮሚቴው ፊኛው «ከመጋጠሚያው ተቀደደ» ብሎ ወሰነ። መጋጠሚያውን በሙቀት የሚያያይዙት፣ እኛ እጀ ወርቅ የምንላቸው፣ ሃያ አንድ ዓመት ያገለገሉ እናት ናቸው። ስብርባሪው የተሰበሰበበትን ጆንያ ግን ማንም አልፈታውም። እኔ ፈትቼዋለሁ፤ አሥራ አራት ስንጥቅ ቆጠርኩ፣ አንዱም መጋጠሚያው ላይ አልነበረም። የእሳቸው እጅ ያያዘው ሁሉ እንደተያያዘ ነው፤ የተሰበረው እርስዎ የመረጡት ነው።

ጥፋተኛ ነኝ ብለው እንዲፈርሙ ወረቀት ሲቀርብላቸው፣ እኒያ እናት መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡትና «እጄ የሠራውን አውቀዋለሁ፤ ያልሠራሁትን አልፈርምም» አሉ። ጋዋናቸውን አጥፈው ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ወጡ። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም፤ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ባለፈው ሳምንት ስብርባሪውን ይዤ አናጢው ዘንድ ሄድኩ። በደህናው እጁ አገላብጦ ካየው በኋላ፣ ለኮሚቴው የሰጠው አቤቱታ እሳቸውን እንደማይመለከት ጽፎ ፈረመልኝ። ፊርማው ጠማማ ነው፤ በግራ እጁ ነውና ይቅርታ ያድርጉለት።

ስለዚህ እኒያን ሴት በይቅርታ ወደ ሥራቸው እንዲመልሱ፣ ፕላስቲኩንም እንዲያስወግዱ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ።

ዝምታዎን እንደ መልስ መቁጠር የሰለቸኝ፣ ለሥልጣንዎ እንጂ ለሥራዎ ክብር የሌለኝ፣

የጣቢያው ፕላስቲክ መርማሪ

ከፊርማው በኋላ ያስታወስኩት፦ ሰኞ ከዚያው የፕላስቲክ ጥቅል የተሠራ ሌላ ፊኛ እንደሚለቀቅና እርስዎም ከቤተሰብዎ ጋር መጥተው እንደሚመርቁት ሰምቻለሁ። ልጆችዎን እባክዎ ቤት ይተዉአቸው፤ እነሱ ምንም አልፈረሙም።