ሳህኑ ባዶውን አይመለስም

ሰኞ፣ ጥቅምት 3፣ ረፋድ
ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው። ጢሜን ራሴ እላጫለሁ። ደረጃውን ያለ ምርኩዝ እወጣለሁ። ሽሮ እሠራለሁ፤ አልፎ አልፎ ያርርብኛል። ደብተሬ፣ ጽሕፈቴ የዶሮ ጭረት ነው፤ ቻይው።

ዛሬም ከላይ ፎቅ፣ ወ/ሮ ጋሊና ዘንድ፣ እንግሊዝኛ። የካዛክስታን ሰው ናት፤ እሷም ባሏ ሞቶባታል። አየርላንድ ያለችው የልጅ ልጇ ከእንግሊዝኛ ሌላ አትሰማም። ለገና ልትሄድ ነው። ያለ አስተርጓሚ ላጫውታት ትላለች። መጽሐፏ ለሩሲያኛ ተናጋሪ የተሠራ፤ እኔ አንዱንም አላውቀው። ግን ዕድሜዬን ሙሉ የፈረንጅ መንገድ ሠሪዎች ሾፌር ነበርኩ። አፌ ያውቃል፣ እጄ አያውቅም። የሷ ተገላቢጦሽ። እኔ አስወራታለሁ፣ እሷ ታስጽፈኛለች። እርስ በርስ በአገሩ ቋንቋ፣ በተሰባበረ ኖርዌይኛ፣ እንግባባለን።

"እኔ አስተማሪ" አለች በእንግሊዝኛ። "ነኝ"ስ የት ሄደ? በሩሲያኛ የለም አለችኝ። ሰው ነኝ ሳይል እንዴት ይኖራል! ሳቀች። ስትስቅ መነጽሯን ታወልቃለች።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6
ተበሳጭቻለሁ። ትምህርቱ ሲያልቅ ድስቷን ከፈተች። የጎመን ሾርባ፣ በሥጋ። ብላ አለችኝ። ኧረ ጠግቤያለሁ አልኩ፤ ሰው መጀመሪያ ሲጠየቅ የሚለውን። "ግሬይት" አለችና ከደነችው! በኖርዌይኛ እሺ ማለቷ ነው። በሞቴ የለ፣ ይቺን ብቻ የለ። ሆዴ ይጮሃል።

ኮቴን አነሳሁ። ሰኞ ትመጣለህ ወይ አለች። ምን ላስቸግርሽ አልኩ። መጽሐፏን አጠፈች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ "ግሬይት"።

እሑድ፣ ጥቅምት 9
ኮቴዋ ከላይ ይሰማኛል። አልሄድም። ትለምነኝ።

ጎድጓዳ ሳህኗ እኔ ዘንድ ነው፤ ከኩርፊያው በፊት የፖም ኬክ አድርጋ ደጄ ላይ የተወችው። ባዶውን መመለስ ነውር ነው። ባለቤቴ አስካለ፣ ነፍሷን ይማር፣ ይህን ብታይ ከመቃብር ትነሳብኝ ነበር።

ልጄ ሰናይት ከሰፈሯ ከትሮስተሩድ ደወለች። ነገርኳት። ሳቀችብኝ!
"አባዬ፣ እዚህ እኮ ሰው አይ ካለ አይ ነው። ማን ሁለቴ ይለምንሃል? የጠላሃት መስሏታል።"
ልደውልላት ወይ አለች። አንቺን ማን ሽማግሌ አደረገሽ አልኳት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11
ጠዋት ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያው። ጋሊና ጀርባዋን ሰጥታኛለች። ማሽኑ ይዞራል፣ እሷ መጽሐፏን ይዛ ለብቻዋ ትለማመዳለች። በእንግሊዝኛ፦ "እኔ አያትሽ። እኔ አያትሽ።" ነኝ የለም። የሚያርማት የለም። አንጀቴን በላችው። ድምፄን ሳላሰማ ተመለስኩ፤ ይሄ ኩራቴ!

ሽሮ ሠራሁ። የመጀመሪያው አረረ። ሁለተኛው አላረረም።

ደብተሬ፣ ዕዳዬን ያዢልኝ። ራሴ ነኝ የምከፍለው፣ ሰናይት እጇን አታስገባ።
ሳህኑ፦ ሞልቶ ይመለሳል።
ሾርባው፦ ብላ ስትለኝ እበላለሁ። በአንዴ። ሳልለመን።
"ነኝ"፦ ከገና በፊት አፏ ላይ አደርግላታለሁ።
ሌላው፣ በእንግሊዝኛ፣ በገዛ እጄ የምጽፍላት፦ አይ ስልሽ፣ ደግመሽ ጠይቂኝ ማለቴ ነው። ጻፍኩት። ብዙ ሰርዣለሁ። በቀይ እርሳሷ ታርመው፣ መነጽሯን አውልቃ ትሳቅ።
ሽሮው ሳይቀዘቅዝ ደረጃውን ልውጣ።